ለሕፃን ታሪክ እንጂ ስብከት አይጻፍለትም

ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት የሃይማኖትን ነገር በሥዕልና በጥቂት ቃል የሚያስረዱ መጻሕፍት በአማርኛ እየተጻፉ መታተማቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የቀድሞው ሕፃን የራሴ የሚለው መጽሐፍ አልነበረውም፤ የሚሰማውም የሚያነበውም የአዋቂዎቹን ነበር። ዛሬ ግን እናት ከገበያ ስትመለስ ከዘንቢሏ ውስጥ ለልጇ አንድ ቀጭን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ልታወጣ ትችላለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን አንድ ሥራ በመልካም አሳብ ስለ ተጀመረ ብቻ መልካም ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ለሕፃን የሚሰጠው ምግብ ከአዋቂው ምግብ ይልቅ እንደሚመረጥ ሁሉ፣ ለሕፃን የሚሰጠውም መጽሐፍ ከአዋቂው መጽሐፍ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ያለ ይሉኝታ ልንናገር ተነሥተናል።

የምንከራከርበት ነገር አንድ ነው። ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ለሕፃኑ የተጻፉ ይመስላሉ እንጂ የተጻፉት ለወላጁ ነው። ወላጁ መጽሐፉን ገልጦ «ታዘዝ፣ ጸልይ፣ አትዋሽ» የሚል ትእዛዝ ሲያገኝ «ይህስ ልጄን ያርምልኛል» ብሎ ይገዛዋል። ሕፃኑ ግን አንድ ጊዜ ከሰማው በኋላ ሁለተኛ «አንብቡልኝ» አይልም። የሕፃን መጽሐፍ ዋጋው የሚታወቀው በመጀመሪያው ንባብ ሳይሆን በሃያኛው ነው። «ድገሙልኝ» ያልተባለ መጽሐፍ፣ ወረቀቱ ቢያምር፣ ቀለሙ ቢደምቅ፣ መቅድሙንም ታላቅ ሰው ቢጽፍለት፣ ሥራውን አልሠራም።

የነዚህን መጻሕፍት አሠራር በጥቂቱ እንመልከት። ታሪኩ በአንድ ገጽ ይጀመራል፤ ወዲያው ይቋረጥና ምክር ይገባበታል፤ በመጨረሻም «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ ተጽፎ መልሱ በተራ ቁጥር ይደረደራል። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ በአማርኛ ማሰሪያው የሚመጣው በመጨረሻ በመሆኑ፣ የአራት ዓመት ሕፃን ግሡ እስኪደርስለት ድረስ ባለቤቱ ማን እንደ ነበረ ይረሳል። ቃሉም የሕፃን ቃል አይደለም፤ «ተልእኮ»፣ «ተምሳሌት»፣ «መንፈሳዊ እሴት» የሚሉት ቃላት ለጉባኤ እንጂ በእናት ጉልበት ላይ ለተቀመጠ ልጅ አይስማሙም።

ከዚህም በቀር ደራሲው ሕፃኑን ሲመክር «አንተ» ብሎ ይጀምርና «ጸልይ፣ ታዘዝ» እያለ እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። በቋንቋችን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ ወንድና ሴት ይለያል፤ ስለዚህ በእናቷ ጉያ ተቀምጣ የምትሰማው ሴት ልጅ ከመጽሐፉ ውጭ ትቀራለች ማለት ነው። ታሪክ የሚናገር ሰው ግን ይህ ችግር አያገኘውም። እርሱ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ወንዱም ሴቷም እኩል ቆመው ያያሉ።

እንዲህ ስንል «ሃይማኖት እኮ ጨዋታ አይደለም» የሚሉን ይኖራሉ። «ሕፃን ትምህርቱን ከታሪኩ ውስጥ ራሱ ፈልቅቆ ሊያወጣ አይችልም፤ ተለይቶ ካልተነገረው ያመልጠዋል» ይላሉ። ይህን የሚሉት በቅንነትና ስለ ልጆቻቸው ሠግተው መሆኑን እናውቃለን። መልሳችንን ግን ከሩቅ አናመጣውም፤ አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲሉ መልሰውታል። ቅዱሳት መጻሕፍቱ ራሳቸውም ይመሰክሩልናል። ክርስቶስ ሕዝቡን ያስተማረው በምሳሌ እንደ ነበረ ወንጌል ይናገራል፤ ቁርኣንም የዮሴፍን ታሪክ በአንድ ምዕራፍ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተርከዋል። ለአዋቂ ሰው ታሪክ የተገባ ከሆነ፣ ለሕፃን እንዴት ተራ ቁጥር ያለው ምክር ይገባዋል?

ስለ ቀድሞው ትምህርት የሚከራከሩንም አሉ። እነርሱ እንደሚሉት የቄስ ትምህርት ቤት ልጅን በተግሣጽ አሳድጎ ሊቃውንትን አፍርቷል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በዚያ ሥርዓት ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በመጀመሪያ ከሚያነባቸው አንዱ የዮሐንስ መልእክት ነበር፤ ከዚያም እየቆየ ወደ ዳዊት ይሻገራል። የዮሐንስ መልእክት ዋና ነገሩ ስለ ፍቅር ነው። አባቶቻችን ለልጅ የመጀመሪያ ንባብ ሲመርጡ ስለ ቅጣት የሚናገረውን ክፍል አልመረጡም። ቋንቋው ግእዝ በመሆኑ ልጁ ትርጓሜውን ሳያውቅ ያነበንበው ነበር እንጂ፣ ምርጫውስ የሚደነቅ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ የመጻፍ ዕድል አግኝተን ሳለ፣ ምርጫቸውን ትተን አለንጋቸውን ብቻ ወረስን።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጥቂት ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩም ቅጣት የተነሣ ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር፣ እየወደቀች እንደ ገና ስትነሣ፣ በመጨረሻም ከላይ ስትደርስ አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል። ለሕፃን ከዚህ የበለጠ ታሪክ ከወዴት ይገኛል? ትምህርት የከበደው ልጅ አለበት፤ ቁጣ አለበት፤ ሽሽት አለበት፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሕፃን ዓይን የሚወዳት ትንሽ ፍጥረት አለችበት።

ሰባኪው ደራሲ ይህን ታሪክ እንዲህ ያደርገዋል፦ «ቅዱስ ያሬድ በመጀመሪያ በትምህርቱ ደካማ የነበረ ቢሆንም፣ ከትሏ ጽናትን በመማር ታላቅ ሊቅ ለመሆን በቅቷል፤ ስለዚህ አንተም ትምህርትህን በጽናት ተከታተል።» በአንድ ዐረፍተ ነገር ታሪኩ አለቀ፤ ትሏም ሞተች። ታሪክ ነጋሪው ግን ገጾቹን ይከፋፍላቸዋል። በአንዱ ገጽ «ትሏ ወጣች» ይላል። ገጹ ሲገለጥ «ወደቀች» ይላል። ቀጥሎ «ደግሞ ወጣች»፤ ገጹ ሲገለጥ «ደግሞ ወደቀች»። በሦስተኛው ጊዜ ሕፃኑ አንባቢውን ቀድሞ «ደግሞ ወደቀች!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ምንም ቃል የሌለበት ገጽ ይመጣል፤ ትሏ ከቅርንጫፉ ላይ ደርሳለች፤ ከታች ያሬድ ቀና ብሎ ያያታል። በመጨረሻው ገጽ ልጁ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ አክሱም መንገድ ጀርባውን ሰጥቶን ሲሄድ ይታያል። ስለ ጽናት አንድም ቃል አልተነገረም። ነገር ግን ያ ሕፃን በማግሥቱ ጫማውን ማሰር ሲያቅተው «ደግሞ ወደቀች» ማለቱ አይቀርም። ትምህርት ማለት ይህ አይደለምን?

እንግዲህ የሥዕሉን ነገር እናንሣ፤ ጥፋቱ የከፋው በዚህ ነውና። አንዳንድ አሳታሚዎች ጽሑፉን ለደራሲ ሰጥተው ሥዕሉን ከውጭ አገር መጽሐፍ ይቀዳሉ። ከዚህም የተነሣ ሙቀት ባለበት በምድረ እስራኤል የነበሩት ነቢያት ፊታቸው እንደ ወተት ነጥቶ፣ ጠጕራቸው ወርቅ መስሎ፣ በሰሜን አውሮፓ መስክ ላይ ይመላለሳሉ። ሕፃኑም ቅድስና በሩቅ አገር የሚገኝ የሌላ ሕዝብ ሀብት መሆኑን፣ ማንም ሳይነግረው፣ ከሥዕሉ ይማራል። ሥዕል ዝም ብሎ ያስተምራል፤ ስለዚህ ስሕተቱም ዝም ብሎ ይገባል።

ሥዕልና ቃልን ለሕፃን አንድ አድርጎ ማቅረብን የአውሮፓ ጥበብ ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። በርግጥ የሞራቪያው ጳጳስና መምህር ኮሜንዩስ በ1658 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኑረምበርግ ያሳተመው በላቲንና በጀርመንኛ የተጻፈ ባለ ሥዕል መጽሐፍ የዚህ ዓይነት ሥራ ቀዳሚ ተብሎ ይከበራል፤ የመጀመሪያውም ምዕራፍ ስለ እግዚአብሔር ነው። ክብሩን አንነፍገውም። ነገር ግን በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል መጻሕፍት፣ ብራናቸው በራዲዮ ካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። በዓለም ላይ ከተረፉት ባለ ሥዕል የክርስቲያን መጻሕፍት እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ናቸው። ቃልን ከሥዕል ጋራ በአንድ ጥራዝ ማኖር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ለሕዝቡ መጽሐፍ ነበር። ሠዓሊዎቻችን ማንበብ ለማይችለው ሰው የሚሆን የራሳቸው ፊደል ነበራቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ እንዲያይ አድርገው ይሥሉታል፤ ክፉውን ግን በጎኑ አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያሉ። ይህን ሥርዓት ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ቢነግሩት፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ሁሉ ራሱ ያነበዋል። በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ፊቶች ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ገልጠው ያያሉ። እነዚያ ዓይኖች ስለ መላእክት ጥበቃ ከተጻፈ ብዙ ምክር ይልቅ ለሕፃን ይናገራሉ። የዛሬው የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ ይህን ትምህርት ቤት አጠገቡ ትቶ የማንን ሥዕል ይቀዳል?

የውጭ አገር ነገር ሁሉ ይጣል ማለታችን እንዳይመስል። ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ኢየሱሳውያን የሮምን የቅድስት ማርያም ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን ባመጡ ጊዜ ሠዓሊዎቻችን አልሸሹትም። ወስደው፣ አላምጠው፣ ልብሱን፣ ዓይኑንና ቀለሙን የራሳቸው አድርገው ሠሩት፤ ዛሬ ያንን አሣሣል ከባዕድ የመጣ ነው ብሎ የሚያስብ ምእመን የለም። በ1590 እና በ1591 በሮም የታተመው ባለ ሥዕል የዐረብኛ ወንጌልም ለጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ምንጭ ሆኗቸዋል። የቀደሙት ከውጭ ያገኙትን አዋሐዱ፤ የዛሬዎቹ ግን ይለጥፋሉ። ጠባችን ከመለጠፉ ጋራ ነው።

ሌላው ጥፋት ማስፈራራት ነው። ልጁ እንዲታዘዝ ተብሎ የገሃነም እሳት፣ ቀንዳም ሰይጣንና የሚያለቅሱ ሕፃናት የተሣሉባቸው መጻሕፍት አሉ። «በቤተ ክርስቲያን ግድግዳስ ሰይጣን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰማዕታትም ሲሠቃዩ ተሥለው የለምን?» ተብለን ልንጠየቅ እንችላለን። ተሥለዋል። ነገር ግን ግድግዳው የተሣለው ለአምስት ዓመት ልጅ ብቻ አይደለም፤ ልጁም ብቻውን አያየውም፤ እናቱ እጁን ይዛ ታሳልፈዋለች፤ ከሰይጣኑ አጠገብም ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። መጽሐፍ ግን ከልጁ ጋራ ወደ መኝታ ይገባል። እግዚአብሔርን በመጀመሪያ ያወቀው በትር ይዞ እንደሚጠብቅ ቁጡ ዘበኛ አድርጎ የሆነ ልጅ፣ ሲያድግ ወይ በፍርሃት ይኖራል፤ ወይ በትሩ የማይደርስበት ዘመን ሲመጣ ጥሎ ይሄዳል። ከሁለቱም የሚገኝ እምነት የለም።

ከማስፈራራት ሸሽቶ ታሪኩን ማጣፈጥም መድኃኒት አይሆንም። የኖኅ ታሪክ በብዙ መጽሐፍ የቀጭኔና የዝሆን የጀልባ ሽርሽር ሆኗል፤ ውሃው ለምን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጠፋ የሚነገር የለም። ሕፃኑ አድጎ እውነቱን ሲያነብ መጀመሪያ የተነገረውን ሁሉ ይጠራጠራል። እኛ የምንለው፣ አንድን ታሪክ ለሕፃን ለመስጠት ሐሰት ማድረግ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ታሪኩ ይቆይለት ነው። ለምሳሌ በተአምረ ማርያም ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ፣ ስለ ጥርኝ ውሃና ስለ ሚዛን የሚናገረው፣ ከታላላቆቹ ታሪኮቻችን አንዱ ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው ለአንድ የተጠማ ድኃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ ምሕረት አገኘ። ሰባ ስምንቱን ብናስቀር ጥርኙ ውሃ ክብደቱን ያጣል፤ ብንነግር ደግሞ ለአራት ዓመት ልጅ ይከብዳል። ስለዚህ ይህ ታሪክ ልጁ አሥር ዓመት እስኪሞላው ቢጠብቅ ምንም አይጎድልበትም። ለታናናሾቹ የያሬድ ትል አለችላቸው፤ በዮናስ መርከብ ላይ የሚናወጠው ባሕር አለላቸው።

ይህ የክርስቲያኑ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። በእስልምና የነቢያት ሥዕል አይሣልም፤ ከምእመናኑም መካከል የሕያው ፍጡርን ሥዕል ሁሉ የማይፈቅዱ አሉ። አንዳንዱ ደራሲ ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ ለሙስሊም ሕፃን ባለ ሥዕል መጽሐፍ አይሠራም» ብሎ ምክር ብቻ ይጽፋል። ይህ የስንፍና መልስ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በ622 ከመካ ሲሰደዱ በዋሻ ተሸሽገው ሳሉ ሸረሪት በደጃፉ ላይ ድሯን እንዳደራች ትውፊቱ ይናገራል። ሠዓሊው ማንንም ሰው ሳይሥል ዋሻውን፣ ድሩን፣ የጨረቃውን ብርሃንና ከውጭ በአሸዋው ላይ የቀረውን የአሳዳጆች ዱካ ቢሥል፣ ሕፃኑ ትንፋሹን ውጦ ያያል። በ615 ወደ አክሱም ንጉሥ የተሰደዱት ሙስሊሞች የተሻገሩበት ቀይ ባሕርና ጀልባ የሐበሻ ልጅ ሁሉ የአገሩ ታሪክ ነው። ምንም ሕያው ነገር አይሣል ለሚሉትም የሐረር የቁርኣን ጽሑፎች ጌጥና የጥራዝ ጥበብ አለላቸው። ወሰን ያለው ጥበብ ብዙ ጊዜ ወሰን ከሌለው ይበልጣል።

«ይህስ መንግሥትንና መምህራንን ምን ያገባቸዋል?» የሚል ቢኖር ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። እኛም በመንግሥት ትምህርት ቤት እነዚህ መጻሕፍት ይሰጡ አንልም። ነገር ግን ልጁ ወደ አንደኛ ክፍል የሚመጣው ባዶውን አይደለም፤ በቤቱ ስለ መጽሐፍ አንድ ነገር ተምሮ ይመጣል። የመጀመሪያው መጽሐፉ ቁጣ ብቻ የተሞላ ከሆነ፣ መጽሐፍን ሁሉ እንደ ቁጣ ያየዋል፤ መምህሩም ያንን ፍርሃት ለመንቀል ብዙ ይደክማል። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤትማ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ለልጁ የሚነበበው የአማርኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይኸው የሃይማኖቱ መጽሐፍ ብቻ ነው። እርሱ ከሰለቸው የሚሰለቸው ሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናቅርብ። አንደኛ፣ ደራሲውና ሠዓሊው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይሥሩ፤ የሠዓሊውም ስም ከደራሲው ስም ጎን በሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ የሚያሳየውን ቃሉ አይድገመው፤ ቃሉ «ቀይ በቅሎ ነበረች» ካለ ሠዓሊው ምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለእውነተኛ ሕፃናት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሕፃናቱ ዓይናቸውን ከገጹ ያነሡበት ቦታ ሁሉ ይሰረዝ። አራተኛ፣ የሃይማኖት አባቶች የትምህርቱን ቀናነት ይመርምሩ፤ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው፤ ነገር ግን «ምክር ጎድሎታል» ብለው የመጨረሻውን ገጽ አይጨምሩበት። አምስተኛ፣ ወላጅ መጽሐፍ ሲገዛ «ልጄን ምን ያዝዝልኛል?» ማለቱን ትቶ «ከልጄ ጋራ ሃያ ጊዜ ላነበው እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቅ።

አባቶቻችን «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላሉ። ለልጅ የሚጽፍ ሰው ልጁን እንዳለ፣ ከነጥያቄው፣ ከነመቁነጥነጡ፣ ከነ«ድገሙልኝ» ባይነቱ ሊወደው ይገባል። ልጁን ትንሽ አዋቂ ሊያደርገው የሚቸኩል ደራሲ የሚወደው ገና ያልመጣውን ሰው ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠውን ግን አላየውም። ሃይማኖትን ለልጆቻችን ማውረስ የምንፈልግ ሁላችን፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ብንሆን፣ አደራችን ከባድ ነው። እምነት የሚወረሰው በመጀመሪያ በደስታ ከሰሙት ታሪክ ነው። ታሪኩን በደንብ እንናገር፤ ትምህርቱን ልጁ ራሱ፣ በራሱ ጊዜ፣ ከታሪኩ ውስጥ ያገኘዋል።